ማን አየ የተባለው የመንዝ ውሻ

ጓሳ ደርሼ ተመልሻለሁ። ጭላዳም አየሁ፣ ቀይ ቀበሮም አየሁ። ከጉዞው ሁሉ አልረሳ ያለኝ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የአንድ ውሻ አር ነው። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

እኔ አዳማ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ለዚህ ጉዞ ያስነሡኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ፣ «ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች እንደጻፉት እንዲያውም ከእነሱ ጋር ሲሆን አደኑ ይበልጥ ይቀናዋል» ብላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጦጣ የሚመስል ነገርና ቀበሮ አብረው ሊውሉ! አንዷ ምላሰኛ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አንቺ አይተሽዋል?» አለችኝ። አላየሁም። «ታዲያ ማን አየ?» አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አፌን የያዘኝ ሰው የለም።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ የመንዙ ልጅ፣ ሒሳብ አስተማሪው ዘውዱ፣ «አክስቴ የምትኖረው ጓሳ ጫፍ ነው፤ እሷ ጋ ታርፊያለሽ» አለኝ። ለአክስቱ ደወለ፤ እኔም ሁለት ሹራብ፣ ማጉያ መነጽርና ከላቦራቶሪ የተዋስኩትን ጓንት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዳማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ መንገዱ እንደ ልብ ነው፤ የሚወራለት የለውም። የሚወራው ብርዱ ነው። አዳማ ሰው ግድግዳ የሚጠጋው ጥላ ፍለጋ ነው፤ ደብረ ብርሃን ፀሐይ ፍለጋ ነው። ይህን እያየሁ እንኳ ልማድ ክፉ ነውና፣ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋን «ክፍሉ ቬንትሌተር አለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «እኔ እንኳን ሦስተኛ ብርድ ልብስ ልጨምርልዎት ብዬ ነበር» አለች። ጨመረችልኝ። አራተኛውን ራሴ ወርጄ ለመንኩ።

ሁለተኛው ቀን

በጠዋት የመሐል ሜዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ጣርማበር ላይ ጉም መስኮቱን ሸፈነው። እኔ የመንገዱን ዳር ገደል ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና ጉሙን አመሰገንኩት። ሾፌሩ አየኝ መሰለኝ «አይዞሽ እናቴ፣ ፍሬኑ ደህና ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፍሬኑ ደህና ነበር፤ ሞላሌ ሳንደርስ የፈነዳው ጎማው ነው።

ወረድን። ተለዋጭ ጎማ የተባለውም ከፈነዳው የተሻለ አልነበረም፤ ሾፌሩ ሊያስለጥፍ ተሸክሞት ሄደ። እኛ እዚያው ነፋስ ላይ ቆመን ሳለ ከመንገዱ በላይ ካለው ቤት አንዲት ሴት ወጣች፤ ማን መሆናችንን ሳትጠይቅ በጣሳ ጠላ፣ በሰፌድ የገብስ ቆሎ ይዛ መጣች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰማችና ወደ ቤቷ ተመልሳ አጎዛ አምጥታ ድንጋይ ላይ አነጠፈችልኝ። «ቁጭ በይ፣ ድንጋይ ብርድ ያስገባል» አለች። አዳማ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብህ ሰው ይመጣል፤ ግን ለማየት ነው የሚመጣው። የአገሬን ሰው ማማቴ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው እንዲያ የሚያደርገን።

መሐል ሜዳ የገባነው ወደ ማታ ነው። በያዝኩት አልጋ ላይ ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም።

ሦስተኛው ቀን

ከመሐል ሜዳ በፈረስ ተጓዝኩ። በፈረስ ስል ጀግና አስመሰልኩት እንጂ ግማሹን መንገድ ፈረሱን እየጎተትኩ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ባለፈረሱ ከኋላችን በሳቅ ሊሞት ደርሶ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ የዘውዱ አክስት፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው በድንጋይ ተሠርቶ በጓሳ ሣር ተከድኗል። ያ ሣር ደግሞ ዝም ብሎ የሚታጨድ አይደለም፤ አገሬው ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ ያቆየውና ተመካክሮ ቀን ሲቆርጥ ብቻ ነው ማጭድ የሚገባበት። እኛ ሠፈር አንድ የጋራ የውኃ ቧንቧ ሦስት ቀን ሳይሰበር አይውልም። ያን ሁሉ ሜዳ በምን ተስማምተው እንደሚጠብቁት አምላክ ይወቅ።

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸው ሥራ አይፈታም። የበግ ጸጉር ያጥባሉ፣ ያባዝታሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ባና አድርጎ ይሠራዋል። ባና የመንዝ የሱፍ ልብስ ነው፤ ከሆቴሉ አራት ብርድ ልብስ እሱ አንዱ ይበልጣል። ስንት ዓመት እንደፈተሉ ብጠይቃቸው «ጥርሴ ሳይበቅል ነው መሰለኝ የጀመርኩት» አሉኝ።

ከበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ቡላ ውሻ ተጋድሟል። «ስሙ ማነው?» አልኩ።

«ማን አየ።»

«ማን አየ ነው ስሙ?»

«ባሌ የሞተ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ስለኔ ያላየውን ያወራ ነበር። እኔ አፍ አልመልስም፤ ውሻዬን እጠራለሁ። ማን አየ! ማን አየ! ስል ሁሉም ዝም ይላል» አሉና ሳቁ። እንዲህ ያለ ስድብ አዳማ ቢገባ ጠበቆች ሥራ ይፈቱ ነበር።

እራት ቀረበ፤ ቂንጬ ነው። የቀለጠ ቅቤ በጣሳ አጠገቤ አስቀመጡልኝ። እኔ ስለ ጭላዳና ስለ ቀበሮ እያስረዳሁ እጄን ስወራጭ ጣሳውን ገለበጥኩት፤ ቅቤው አጠገቡ የነበረውን የተፈተለ ሱፍ ልቃቂት አጠበው። ሐፍረቴ! «ተይው ልጄ፣ ነገ አጥበዋለሁ» ብለው ልቃቂቱን ከደጃፉ መደብ ላይ አኖሩት።

ገና ሳንጨርስ ጎረቤታቸው አቶ ተክሌ ገቡ። ብላ ሲባሉ አልቀመጡም፤ ቆመው ተናገሩ። «እትዬ፣ ሁለተኛው ግልገሌም ሄደ። ከበረቴ እስከ እርስዎ አጥር ድረስ የውሻ ዱካ አይቻለሁ። ከነገ ወዲያ በዓል ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጥልን።»

እትዬ ጥሩወርቅ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። በዚያ አገር በግ የቀመሰ ውሻ አይማርም፤ ይገደላል። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «እሱ ከሄደ ስምንቱን በጎቼን የሚጠብቅልኝ የለም። እሸጣቸውና መሐል ሜዳ ልጄ ቤት እገባለሁ። ልጄ ደግ ናት፤ ግን እዚያ ምን እፈትላለሁ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ አቶ ተክሌ ዞረው «ግልገልህን የበላው ተኩላ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ የአስተማሪ በሽታዬ ተነሣብኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ «እትዬ፣ ተኩላ እንኳ በኛ አገር የለም። እሱ ቀበሮ ነው የሚባለው» አልኩ። አቶ ተክሌም «አዩ፣ የተማረ ሰው መሰከረ፤ ተኩላ የሚባል የለም!» ብለው ወጡ። ምላስ አጥንት የለውም። እትዬ ጥሩወርቅ አልተቆጡኝም፤ ቂንጬ ጨመሩልኝ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ስነሣ ቅቤ የነካው ልቃቂት ከመደቡ የለም። ማን አየ እየላሰ ወስዶት ኖሮ ግማሹ ተበልቶ በረቱ አጠገብ ተገኘ። እትዬ ጥሩወርቅ «ሞኝ፣ ሱፍ ይበላል እንዴ!» ብለው ቀሪውን አነሡና ለኔ አህያ ጫኑልኝ፤ ፈረሱማ ይቅርብሽ ብለው።

ወደ ጓሳ የመራኝ አቶ እርገጤ የሚባሉ የአገሬው ጠባቂ ናቸው። ሜዳው ሲከፈት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ጅብራው እንደ ቆመ ዘበኛ በየቦታው ቀጥ ብሏል። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ቂጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ እንደ ጎመን ለቃሚ ሴቶች ያወራሉ። እኛም ቁጭ አልን። ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ሲደርስ አቶ እርገጤ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

ቀይ ቀበሮው መጣ። አልሮጠም፣ አልተደበቀም። ኮቴውን እየቆጠበ በእናቶችና በግልገሎቻቸው መሐል ገባ፤ አንዷ ጭላዳ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሣሯ ተመለሰች። ትንሽ ቆሞ ጆሮውን ዘንበል አደረገ፣ ዘለለ፣ አይጥ ይዞ ተነሣ። አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፤ ለዚያች ምላሰኛ ልጅ «እኔ አየሁ» የምላት ቃል ስላገኘሁ ይሁን ስለ ውበቱ አላውቅም።

ስንመለስ አቶ እርገጤ የቀበሮ ሰገራ አሳዩኝ። ጓንቴን አጥልቄ በእንጨት ፈለቀቅኩት፤ በማጉያው ሳየው የአይጥ ጥርስና የአይጥ ጸጉር ብቻ ነው። «ይኸው! ግልገል የለበትም» አልኩ።

«ግልገል የሚወስደውማ ተኩላው ነው» አሉ አቶ እርገጤ።

«ተኩላ እኮ በኛ አገር...»

አላስጨረሱኝም። «መምህርት፣ አንቱም እንደ ድሮዎቹ ፈረንጆች ነዎት። መጥተው ተኩላችንን ቀበሮ ነው ብለው ጻፉ። በኋላ ሌሎች መጡና ዘሩን መረመሩ፤ ለካ የተኩላ ዘመድ ነው አሉ። እኛ መች ሌላ ብለን እናውቃለን? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው።»

ኋላ መሐል ሜዳ ኔትወርክ ሳገኝ ፈትሼዋለሁ፤ ልክ ናቸው። በዘረ መል ምርመራ የአፍሪካው «ቀበሮ» የተኩላ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። ስንት ተማሪ «ተኩላ» ብሎ ጽፎ ኤክስ አድርጌበት ይሆን! ያ ቀይ ቀበሮ የምንለውም እኮ በዘሩ ለተኩላ ነው የሚቀርበው።

እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ስገባ በእልህ ተሞልቼ ነበር። የተናገርኩትን ለመጠገን «አይጨነቁ፤ ነገ የማን አየን ሰገራ ሽማግሌዎቹ ፊት ፈልቅቄ አሳያለሁ። ሰው ይዋሻል፣ ሰገራ አይዋሽም» አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉ። «እርግጠኛ ነኝ!» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

አምስተኛው ቀን

ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው አባባ ዘርጋው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ማን አየ በገመድ ታስሮ እግራችን ሥር ተጋደመ። አቶ ተክሌ አቤቱታቸውን ተናገሩ። እኔ ጓንቴን ሳጠልቅ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለው አሽሟጠጡኝ፤ ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እርግጠኛ ነበርኩ አላልኳችሁም?

የዚያን ጠዋቱን ሰገራ በቅጠል ይዤ መጥቼ ነበር። ፈለቀቅኩት። ነጭ ነገር ወጣ። ማጉያዬን አስጠጋሁ፤ የበግ ጸጉር ነው።

አባባ ዘርጋው «ምን አገኘሽ፣ ልጄ?» አሉ። እትዬ ጥሩወርቅን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሦስት ቀን አብልተውኛል፣ የራሳቸውን ባና አልብሰውኛል። «ምንም የለም» ብል ማን ያውቅብኛል? ማጉያው በኔ እጅ ነው። ግን ሃያ ሦስት ዓመት ልጆችን «ያያችሁትን ጻፉ» ስል ኖሬ እዚያ ድንጋይ ላይ መዋሸት አልሆነልኝም።

«የበግ ጸጉር ነው» አልኩ።

አቶ ተክሌን ደስ እንኳ አላላቸውም። እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ተነሡ። መጥተው አጠገቤ በርከክ አሉና «አሳዪኝ» አሉ። እንጨቱን ተቀብለው ነጩን ነገር መዘዙት፤ አልተበጠሰም፤ እየተመዘዘ መጣ። ውኃ አስመጥተው አፈሰሱበት። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩት።

«ይኼማ የተፈተለ ነው!» አሉ። «ተክሌ፣ ግልገልህ ተፈትሎ ነበር የሚግጠው?»

አቶ ተክሌ ቀርበው አዩ። የሸማኔ ልጅ ናቸውና ፈትል አይጠፋቸውም። «ፈትል ነው» አሉ ሳይወዱ።

«የኔው ፈትል ነው፤ እጄን አላውቀውም? ይቺ እንግዳዬ ቅቤ ደፍታበት ውሻው የበላው ልቃቂት ነው።»

ያን ጊዜ ነው እኔ የነቃሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የለቀሙልኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። በማጉያ መነጽር ጸጉሩን አየሁ፣ ክሩን ሳላይ። ዕድሜ ልኬን ባዮሎጂ ተምሬ አንድ ቀን እንዝርት አልያዝኩም።

አባባ ዘርጋው እስኪረጋጋ ጠበቁና በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እንግዲህ ፈትል አያስፈርድም፤ ነጻም አያወጣም። ተክሌ ዱካ አየሁ ይላል፤ ዱካ በሁሉም በኩል ያልፋል። አሁን ልጠይቃችሁ። ግልገሉን ሲበላ ማን አየ?»

ማን አየ ስሙን ሲሰማ ብድግ አለ። ጅራቱን እያወዛወዘ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ ሽማግሌው ጉልበት ላይ አገጩን አሳረፈ።

እንዲያ ያለ ሳቅ በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሰምቼ አላውቅም። ቄሱ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ተክሌም ሳቃቸውን ሊይዙት ሞክረው አመለጣቸው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ውሻው ሁለት ሳምንት እቤቱ ታስሮ ይቆይ። አቶ ተክሌም በረታቸውን በየንጋቱ ይጠብቁ። ውሻው ታስሮ ሳለ ግልገል ከጠፋ ጥፋቱ የውሻው አይደለም፤ ካልጠፋ ይገደላል። እኔ ደነገጥኩ፤ በፍርሃት አይደለም። ይህ ዘጠነኛ ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረው የሙከራ ሥርዓት ነው፤ አንዱን ለውጥ፣ ሌላውን እንዳለ ተው፣ ጠብቅና እይ። አባባ ዘርጋው ያለ ጠመኔና ያለ ሰሌዳ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ስድስተኛው ቀን

ስሰናበት እትዬ ጥሩወርቅ በሶና የቀረውን ግማሽ ልቃቂት አሲያዙኝ። ቅቤው ታጥቦ ለቋል። «አጥፍቼብዎት» ብላቸው፣ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው፣ አንቺ ነሽ እውነቱን የተናገርሽው። ዝም ብትይ ኖሮ ክሩን መች አየው ነበር?» አሉ። ውሻው ታስሮ ከበሩ አጠገብ ተጋድሟል። እንዳይፈረድበት እየፈራሁ ራሱን ዳሰስኩት።

አዳማ ስገባ ሙቀቱ እንደ እናት አቀፈኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ቀበሮው ስነግራቸው ምላሰኛዋ «ማን አየ?» አለች። «እኔ አየሁ!» አልኳት። ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፤ ልቤ መንዝ ነበር። ልቃቂቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ ቀን እቆጥር ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከዘውዱ ጋር ሻይ ስንጠጣ ስልኩ ጮኸ። አክስቱ ናቸው፤ አቀበለኝ።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተክሌ አጥሬ ላይ ቆሞ ማን አየ! ማን አየ! ይላል» አሉኝ። «ውሻው ታስሯል፤ ምን ፈልጎ ነው ብዬ ልቤ ወረደ። ሮጬ ወጣሁ።»

«እሺ?»

«ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ተኩላው ሦስተኛውን ግልገል ዓይኑ እያየ ይዞት ሄደ። ምን አለኝ መሰለሽ?»

«ምን አሉ?»

«‹እትዬ፣ ውሻውን ይፍቱት። እኔ ነኝ ያየሁት› አለኝ።»